ጣሪያ ላይ የወጣችው ላምባ ሻጭ

የመብራት ምሰሶ ከከተማ ተነስቶ ወደ መንደሩ እየመጣ ነው ሲባል የተወለዱ ልጆች አድገው፣ አግብተው፣ እነሱም ወልደዋል። ምሰሶው ግን ገና እየመጣ ነበር። እስኪደርስ ድረስ ሰዉ የሚያመሸው በኩራዝ ነው፤ የኩራዙ ላምባ ደግሞ የሚገኘው ከአንዲት ሴት መስኮት ብቻ ነበር። ሴትዮዋን ሁሉም «ላምባዋ» ይላታል። በስሟ የምትጠራት እናቷ ብቻ ስትሆን እሷም የምትጠራት ስትቆጣ ነው።

ላምባዋ ከበርሜሏ ጀርባ ቆማ በማንቆርቆሪያ ትቀዳለች፣ በቆርቆሮ ጣሳ ትለካለች፣ በዚያው መጠን ደግሞ ትጠይቃለች። «የእህትሽ እግር እንዴት ሆነ? ባልሽስ ታረቀሽ? ያቺ የጠፋችው ዶሮ ማን ቤት ተገኘች?» ላምባው በገንዘብ፣ ወሬው በነጻ ነበር። ጠርሙሱ ግማሽ ድረስ ላምባ ይዞ የሚሄድ ሰው ጆሮው ግን ጢም ብሎ ሞልቶ ነው የሚመለሰው። ክፋት አልነበረባትም። ወሬ በሆዷ ሲያድር ያማት ነበር፣ ይኸው ነው።

ባሏ ፀጉር አስተካካይ ነው። ፀጉር አስተካካይ ሁሉ ለፍላፊ ነው የሚል ሰው እሱን አላየውም። አንድ ወንበር፣ አንድ ጥጉ የተሰነጠቀ መስታወትና «እህ» የምትል አንዲት ቃል አለችው። በዚህች ቃል ይስማማል፣ ይቃወማል፣ ሐዘንም ይደርሳል። የባልና የሚስቱ ንግግር ተደምሮ ለሁለት ቢካፈል የአንድ ጤነኛ ቤት ያህል ይወጣው ነበር።

አንድ ቀን የሴቶች ማኅበሩ ሊቀ መንበር የሆነችው የመንደሩ አዋላጅ ሴቶቹን ሰብስባ አንድ ነገር ነገረቻቸው። ከተማ ውስጥ የገጠር ሴቶችን ሶላር የሚያስተምር ማሠልጠኛ ተከፍቷል። ሴቶቹ መብራቱን መግጠም፣ መጠገን፣ ከዚያም ተመልሰው እየሸጡ መነገድ ይማራሉ። «ማን ይሂድልን?» ብላ ጠየቀች።

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ ነፍሰ ጡር ነበረች፣ አንዷ ባሏን ፈራች፣ አንዷ ኤሌክትሪክ ይይዘኛል አለች። ላምባዋ ግን ደነገጠች። ከፀሐይ የሚመጣ መብራት? ያለ ላምባ? ይህ ነገር መንደር ከገባ የኔ በርሜል የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ ሆነ ማለት ነው! ጠላትን ከሩቅ ከመፍራት አጠገቡ ቁጭ ብሎ ጉዱን ማወቅ ይሻላል ብላ እጇን አወጣች። ሄዳ የሶላርን ጉድለት አንድ በአንድ ለቅማ ልትመለስና በመስኮቷ ልትበትነው ነበር ሐሳቧ።

አዋላጇ ይህን አላወቀችም። «እንዲህ ነው ወኔ!» ብላ ሳመቻት።

ቤት ስትደርስ አማቷ በር ላይ ቆመው ጠበቋት። ወሬው ቀድሟት ደርሷል፤ ወሬ እሷን ቀድሞ ቤቷ ሲገባ ያ የመጀመሪያው ነበር።

«ያገባች ሴት ሽቦ ልትማር ከተማ ትሄዳለች? ልጄን ማን ሊያበላው ነው?» አሉ አሮጊቷ።

«እርስዎ ነዋ፣ እማማ። ያሳደጉት እርስዎ አይደሉ? ምን እንደሚወድ ከኔ በላይ ያውቃሉ።»

አሮጊቷ ወደ ልጃቸው ሱቅ ሄዱ። ባልየው ደግሞ «አንተስ ምን ትላለህ?» ሲባል የያዘውን ደንበኛ ማጅራት ላጭቶ ጨረሰ፣ ምላጩን ጠረገ፣ «ሂጂ» አለ። ወንበሩ ላይ የነበረው ሰውዬ ዞር ብሎ አየው። ንግግር አደረገ ተብሎ ተወራ።

ማሠልጠኛው ውስጥ አስተማሪዋ ድምፀ ጎርናና ወጣት ሴት ነበረች። ላምባዋ ከፊት ተቀመጠችና ጥቃቷን ጀመረች።

«ሲዘንብስ?»

«ባትሪው ያጠራቀመውን ይሰጣል። በደመናም ቢሆን ትንሽ ትንሽ ይሞላል።»

«አቧራ ቢሸፍነውስ?»

«በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል።»

«ዶሮ ወጥታ ብትተኛበትስ?»

«ትወርዳለቻ።»

ላምባዋ ጉድለት በለቀመች ቁጥር መድኃኒቱ አብሮ ይነገራታል፤ ያጠራቀመችው ነቀፋ ሁሉ እጇ ላይ እንደ በረዶ ሟሟባት። አስተማሪዋ በበኩሏ ሌሎቹን ሠልጣኞች «ዝም አትበሉ! እንደ እሷ ጠይቁ!» እያለች ትገሥጻቸዋለች። ልትሰልል የሄደችው ሴት የክፍሉ አንደኛ ተማሪ ሆና አረፈችው።

የመጀመሪያው ፈተና ደግሞ መጣ። እያንዳንዷ ሴት ፓኔሉን ውጭ ፀሐይ ላይ አድርጋ፣ ገመዱን ስባ፣ ባትሪና ማብሪያ ማጥፊያ አገናኝታ፣ ጨለማ ዕቃ ቤት ውስጥ የራሷን አምፖል ማብራት ነበረባት። የሌሎቹ በራ፤ እልል ተባለ። ላምባዋ ማብሪያዋን ተጫነች። ምንም የለም። ደግማ ተጫነች። ድርግም።

መደሰት ነበረባት። «አላልኩም? አይሠራም!» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ግን የሌላው ሁሉ በርቶ የሷ ብቻ ሲጨልም እልህ ያዛት። ሌሎቹ ምሳ ሲወጡ እሷ ካቻቢቴዋን ይዛ ቀረች። ብሎኑን ፈታች፣ ገመዱን ተከተለች፣ ቀዩን ሽቦ በጥቁሩ ቦታ አስገብታው አገኘችው። አስተካክላ ማብሪያውን ስትጫን ዕቃ ቤቱ ቦግ አለ።

«አንቺ ባለጌ!» አለቻት አምፖሏን። «ጉሮሮዬን ልትዘጊ መጥተሽ ደግሞ እንዲህ ታምሪያለሽ?»

ሰላይዋ ያን ቀን ተማረከች።

ሥልጠናው ሲያልቅ በጭነት መኪና፣ ሣጥኖቿን አቅፋ ተመለሰች። የራሷን ቤት ካላበራች ማንም እንደማያምናት ታውቃለችና መጀመሪያ የወጣችው የገዛ ጣሪያዋ ላይ ነው። በቀሚሷ ሥር የባሏን ሱሪ ታጠቀች። መሰላሉ አሮጌ፣ እርከኖቹ አንዱ ከአንዱ የተኳረፉ ነበሩ፤ የያዙላት አማቷ ናቸው፣ እየተሳደቡ። መንደሩ በሙሉ ሥራ ፈትቶ ቆመ።

አናጢውም መጡ። አናጢው ወገባቸው ከተጎዳ ዓመታት ሆኗቸዋል። መንደሩ መንገድ ሲጠግን ወይም ጉድጓድ ሲቆፍር እሳቸው ጥላ ሥር ተቀምጠው፣ አንድ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው፣ በሌላኛው ያዛሉ። አሁንም ከጥላው ሥር ሆነው «ሴት ጣሪያ ላይ! ቀጥሎ ዶሮ ልታርስ ነው!» አሉ።

አማትየው እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ያው ሐሳብ ነበራቸው። ነገር ግን ምራታቸውን መስደብ የሳቸው መብት እንጂ የጎረቤት አይደለም። «ወገብህን ቢያምህም ምላስህ ደኅና ነው!» አሉና መሰላሉን ይበልጥ ጨብጠው ያዙት።

ሲመሽ መብራቱ በራ። ቤቱን የሞላው ሰው «ውይ!» አለ፣ ልጆች አጨበጨቡ፤ ባልየው እንኳ «እህ» ያላት ቃል ከወትሮው ረዘም ያለች ነበረች። አሮጊቷ ግን አንጋጠው ጣሪያውን ያያሉ። ማዕዘኑ ሁሉ በኩራዝ ጥላሸት ጠቁሮ፣ የሸረሪት ድር እንደ መጋረጃ ተንዠርግጓል።

«ይህን ሁሉ ዘመን የኖርኩት እዚህ ጉድ ውስጥ ነው?» ብለው ጮኹ። «ምን ዓይነት ምራት ነሽ አንቺ?»

ሊያዩ የመጡት ሴቶች ነገሩ ገብቷቸው አንድ በአንድ ሹልክ እያሉ ወጡ። በማግስቱ በየቤቱ ጣሪያ ሲጠረግ ዋለ። ከዚያ በኋላ ነው የመብራት ትእዛዙ የመጣው። አዋላጇ ቀደመች፤ በጥርሷ የእጅ ባትሪ ነክሳ ማዋለድ ሰልችቷት ነበር። ቀጥሎ ባለ ወፍጮው፣ ቀጥሎ የትምህርት ቤቱ መምህር።

እንግዲህ ጣሪያ ላይ የወጣ ሰው ቆርቆሮ ብቻ አያይም። የመንደሩ አጥር ሁሉ የተሠራው መሬት ላይ ለቆመ ሰው ነው። ከላይ ሆኖ ለሚያይ ጓሮው ሁሉ እንደ ተከፈተ ድስት ነው። ላምባዋ የባለ ወፍጮው ሚስት ከአማቷ ደብቃ ዳቦ ስትበላ አየች። መምህሩ የተማሪ ደብተር ፊቱ ላይ ደፍቶ ሲያንኮራፋ አየች። ያየችውን ሁሉ ማታ በመስኮቷ አወራችው። ድሮ ወሬ የሚመጣላት በጠርሙስ ነበር፤ አሁን ከምንጩ ትቀዳው ጀመር። ሰዉ ሳቀ፣ ግን ሳቁ እየቀጠነ ሄደ። «ላምባዋ» የሚለው ቅጽል ስም ቀርቶ «ሳተላይቷ» ተባለች። እሷ ሙገሳ መስሏት ነበር።

ከዚያ የአናጢው ነገር መጣ። የአዋላጇ ጣሪያ ላይ ሆና ብሎን ስታጠብቅ ዓይኗ ወደ አናጢው ጓሮ ሄደ። አናጢው መጥረጊያ አቅፈው ይጨፍራሉ። ወደ ግራ ይዘላሉ፣ ይሽከረከራሉ፣ ጎንበስ ብለው መሬት ነክተው ቀና ይላሉ። ላምባዋ ለክፋት አላሰበችውም፤ ከልቧ ደስ ብሏት ራሷን ረሳች።

«ጋሼ!» ብላ ጮኸች። «እሰይ! እንኳን ደስ ያለዎት! ወገብዎ ድኗል!»

ከጣሪያ ላይ የወጣ ድምፅ ሩቅ ይሄዳል። ውኃ የሚቀዱት ሴቶች ሰሙ። የባሰው ደግሞ፣ በዚያው ሰዓት አካፋ ይዘው መንገድ የሚጠግኑት ወንዶች ሰሙ። አናጢው መጥረጊያውን ጥለው በድንጋጤ ወገባቸውን ያዙ። የያዙት ግን የተለመደውን ጎን አልነበረም።

አናጢው ይህን አልዋጡትም። ከቤት ወጥተው ጥላቸው ሥር ተቀመጡና በረጋ ድምፅ መርዙን ረጩት። «እስቲ አስቡት። ጥቁር መስታወት ነው። ጣሪያ ላይ ተንጋሎ ቀኑን ሙሉ የሚያፈጥጠው ምን ሊያይ ነው? መብራት ነው የሰቀለችላችሁ ወይስ ዓይን?»

ሰዉ ስቆ አለፈ። ግን ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና ቤቱ ገብቶ ማሰቡ አልቀረም። ብዙም ሳይቆይ ደንበኞቿ በየተራ ይመጡ ጀመር። «መብራትሽ ሞተ፤ ማታ ቦግ ብሎ ወዲያው ይጠፋል።» ላምባዋ የኤሌክትሪክ መፈተሻዋን፣ ቴስተሯን፣ ይዛ የባለ ወፍጮው ጣሪያ ላይ ወጣች። ፓኔሉ ወፍራም ብርድ ልብስ ለብሶ ተኝቷል።

«ይህን ምን ብላችሁ ሸፈናችሁት?»

የባለ ወፍጮው ሚስት እግሯን እያየች «እንዳይበርደው ብለን ነው» አለች።

መምህሩ በአሮጌ ካርታ ሸፍኖታል። አንዱ ቤት ሣጥን ተደፍቶበታል። አዲስ ሊያስገጥሙ የነበሩት «ትንሽ እናስብበት» አሉ። ሰዉ ጠርሙሱን ይዞ ወደ በርሜሏ ተመለሰ፣ ነገር ግን እንደ ድሮው አይደለም። ይቀዳለታል፣ ይከፍላል፣ አፉን ዘግቶ ይሄዳል። «የእህትሽ እግር እንዴት ነው?» ስትል «ደኅና ነው» ይባላል፣ በቃ። ላምባው ተሸጠ፣ ወሬው ግን ደረቀ። አንድ ቀን ሙሉ ቀድታ፣ ሙሉ ቀን ሸጣ፣ ማንም ምንም ሳይነግራት መስኮቷን ስትዘጋ እንባዋ መጣ።

ወደ ባሏ ሱቅ ሄዳ ባዶው ወንበር ላይ ቁጭ አለች። እሱ ምላጩን በመሳያው ቆዳ ላይ ይስላል።

«ምን አደረግኩ? ሰው ገደልኩ?» አለችው።

ባልየው ምላጩን አስቀመጠ። «እዚህ ወንበር ላይ ሰው አንገቱን ይሰጠኛል» አለ። «ራሱ ላይ ያለውን ጠባሳ አያለሁ። ሽበቱን በቀለም የሚደብቀውን አውቃለሁ። ማን እንደሚያለቅስ አውቃለሁ። አንድ ቀን ተናግሬ ብገኝ ማንም እዚህ አይቀመጥም። ጣሪያም እንዲሁ ነው። ጣሪያ የቤት አናት ነው።» ይህን ብሎ ምላጩን አነሣ። የዓመቱን ድርሻ ስለ ጨረሰ ሌላ አልጨመረም።

ላምባዋ አፏን ከፍታ አየችው። ይህን ሁሉ ነገር ይዞ አጠገቧ ሲተኛ የኖረ ሰው መሆኑ ከምክሩ ይበልጥ አስደነቃት።

በማግስቱ የአናጢውን በር አንኳኳች። ሚስታቸው አስገቧት። አናጢው ግድግዳውን እያዩ ተቀመጡ።

«ጋሼ፣ አጥፍቻለሁ። ያየሁት የኔ አልነበረም» አለች።

አናጢው ድንገት ፈነዱ። «ወገቤ በእውነት ታሞ ነበር! ቀልድ አይደለም፣ መዞር እንኳ አቅቶኝ ነበር። ከዚያ ዳነ። ሲድን ታዲያ ምን ላድርግ? መታመሜን ሰው ሁሉ ያውቃል፤ መዳኔን ለማን ላውጅ? ዛሬ ነገ ስል ዓመት ሄደ። ከዚያ በኋላማ እንዴት ተብሎ!»

«ጭፈራውስ?»

ጆሯቸው ቀላ። ሚስታቸው መለሱላት። «ልጃችን ልትዳር ነው። አባትየው በሕይወቱ ጨፍሮ አያውቅም። እንዳያሳፍራት ብሎ ነው የሚለማመደው።»

ላምባዋ ሳቋ መጣ፤ ዋጠችው፤ ሲወርድ አመማት። ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣላት። «ጋሼ፣ የኔ መሰላል ሊገድለኝ ነው። እርስዎ ደግሞ አናጢ ነዎት። ጠንካራ መሰላል ይሥሩልኝና ከዚህ እስከ ቤቴ ራስዎ ተሸክመው ያምጡልኝ። አንዲት ቃል መናገር አይጠበቅብዎትም።»

አናጢው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩዋት።

መሰላሉ የተሠራው ከጠንካራ እንጨት ነበር፣ ሁለት ጎረምሳ የሚያቃስትበት። አናጢው ትከሻቸው ላይ አድርገው በመንደሩ መሐል፣ መንገድ በሚጠግኑት ወንዶች ፊት፣ ቀስ ብለው አለፉ። ወንዶቹ አካፋቸውን ተደግፈው ተመለከቱ። አንዱ «እንኳን ማረዎት፣ ጋሼ» አለ። «አሜን» አሉ አናጢው። ነገሩ በዚሁ አለቀ፤ በሳምንቱ እሳቸውም አካፋ ያዙ።

የዓይን ነገር ግን ገና አልጠራም። ላምባዋ የራሷን ፓኔል አውርዳ ገበያው መሐል ጠረጴዛ ላይ አጋደመችው። ሰው እየፈራ ተጠጋ። ገመዱን ፈታታ አሳየች፣ የሚመጣውም የሚሄደውም ይኸው ብቻ ነው አለች። ማንም ሊነካው አልደፈረም። አማቷ ሰዉን ገፍተው ወደ ፊት መጡ፣ ፊታቸውን መስታወቱ ላይ ደፉ፣ ሻሻቸውን አስተካከሉ።

«የሚያይ ከሆነ ይየኝ» አሉ። «ከሞተው ባሌ ወዲህ ማንም አፍጥጦ አላየኝም።»

ሳቁ ገበያውን አናወጠው። ያኔ ላምባዋ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ቃል ገባች፤ «ከእንግዲህ ጣሪያ ላይ ያየሁትን እዚያው ጣሪያ ላይ ትቼ ነው የምወርደው።»

ይህን ማን ያምናል? «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳም» አለ ባለ ወፍጮው፤ ሊፈትናትም ቆረጠ። ብርድ ልብሱን አንሥቶ «ነይ ሥሪልኝ» አላት። እሷ ከላይ ገመድ ስታጠብቅ እሱ ጓሮው ውስጥ የሚስቱን ቀሚስ ለብሶ፣ ድስት ራሱ ላይ ደፍቶ፣ እንደ ጄኔራል እየተንጎማለለ ይዞር ጀመር።

ላምባዋ አየችው። ካቻቢቴዋ ከእጇ ሊወድቅ ደረሰ። ብሎኑን ጨረሰች፣ ወረደች፣ ዕቃዋን ሰበሰበች፣ «ደኅና ዋሉ» ብላ ሄደች። ቤቷ ስትደርስ ፊቷ ቀልቷል፣ ስቅታ ይዟታል። አማቷ አንድ ነገር ሸተታቸው።

«ምን አየሽ?»

«ቆርቆሮ።»

«ለኔ ብቻ ንገሪኝ! እኔ የቤት ሰው አይደለሁ?»

«ቆርቆሮ፣ እማማ። ሕቅ። ብዙ ቆርቆሮ።»

ስቅታው አልለቅ ብሎ ሰነበተ። ምግብ ስትበላ ሕቅ፣ ላምባ ስትቀዳ ሕቅ። አሮጊቷ በልመናም በዛቻም ሞከሯት፣ ወሬው አልወጣም። ባለ ወፍጮው በበኩሉ ወፍጮ ቤቱ ተቀምጦ የሚስቀውን ሰው ይጠብቃል። ማንም አይስቅም። ሰው እህሉን ያስፈጫል፣ ይሄዳል። ያን የመሰለ ትርኢት ሠርቶ ያለ ወሬ መቅረቱ ውስጡን በላው። በመጨረሻ አልቻለም፤ የተሰለፉት ሴቶች ፊት ወፍጮውን አቁሞ ጮኸ።

«ቀሚስ ለብሼ ድስት ደፍቼ ስዞር አይታኝ እኮ ነው! አልተናገረችም! ይች ሴት አልተናገረችም!»

ወሬው ከወፍጮ ቤት እስከ ትምህርት ቤት ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ላምባዋ ሰምታ ደረቷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪፈስ፣ መሬት ቁጭ ብላ ሳቀች፤ ስቅታውም ያኔ ለቀቃት። ብርድ ልብሱ ከየጣሪያው ወረደ። «ትንሽ እናስብበት» ያሉት ሁሉ አስበው ጨረሱ።

ሥራው ሲበዛ ብቻዋን አልቻለችውም። ያን ቀን ኤሌክትሪክ ይይዘኛል ያለችው ሴት መጣች፤ ባሏን የፈራችውም ባሏን አስፈቅዳ ሳይሆን አስከትላ መጣች። የባለ ወፍጮው ሚስት ጣሪያ ለመውጣት ደፋር፣ ለመውረድ ግን ፈሪ ሆና ተገኘች፤ ሁልጊዜ በልመና ነው የምትወርደው። ላምባዋ አስተማረቻቸው፤ መጀመሪያ ቀዩንና ጥቁሩን ሽቦ፣ ቀጥሎ ዝም ማለትን። ሁለተኛው ትምህርት ከመጀመሪያው ይረዝማል። አብረው ከፀጉር አስተካካዩ ሱቅ ጎን አንድ ክፍል ተከራዩና መጠገኛ ከፈቱ፤ ከጎረቤት መንደሮችም ሴቶች እየመጡ ይማሩ ጀመር። በርሜሉን ለከብት ማጠጫ ሸጠችው።

አማቷ ደግሞ የስልክ ቻርጅ ማድረጊያውን ጠረጴዛ ያዙ። ወንበር ላይ ተቀምጠው የሰውን ሁሉ ስልክ ተቀብለው፣ ማን ለማን እንደሚደውል እያጠኑ ይውላሉ። እሳቸው ምንም ቃል አልገቡም።

ሴቶቹ ሩቅ መንደር ሲሄዱ ፀጉር አስተካካዩ ሱቁን በጊዜ ዘግቶ እራት ይሠራል። ሾርባው ጨው ይበዛበታል፣ ድንቹም አይበስልም። ሴቶቹ አቧራቸውን አራግፈው፣ ደክሟቸው፣ ርቧቸው ገበታው ዙሪያ ሲቀመጡ እሱ ቆሞ ፊታቸውን ያያል።

«እንዴት ነው?» ሲላቸው፣ ላምባዋ ማንኪያዋን ታስቀምጥና ባሏን ዓይን ዓይኑን እያየች፣

«እህ» ትለዋለች።